ገቢው 1 በመቶ ቀነሰ፣ አክሲዮኑ ከሦስት አራተኛ በላይ ወደቀ፦ የሜታ ጉዳይ

## ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

የቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን ሲወድቅ ዜናው ብዙውን ጊዜ «ኢንቨስተሮች ሰጉ» ብሎ ያልፋል። ሲነሳ ደግሞ «ተስፋቸው ታደሰ» ይላል። ስጋቱ ከዋጋው ላይ ስንት ዶላር እንደቀነሰ፣ ከየት እንደመጣና በምን እንደበረደ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ ከ2021 እስከ 2024 ያሳለፈው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ገቢው፣ ትርፉ፣ ወጪውና የተጠቃሚው ብዛት በየሩብ ዓመቱ ይፋ ይሆናል። የአክሲዮኑ ዋጋ ደግሞ በየቀኑ ይታወቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥን የባለሀብቱን ስሜት ቢያንስ በግምት መለካት እንችላለን።

የግለሰቦችን ስም አልጠቅስም። «መሥራቹ» ስል ኩባንያውን መሥርቶ እስካሁን የሚመራውን ሰው ማለቴ ነው፤ ማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ቀኖቹና ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንዱን ብቻ በእኛ ሳስቀምጥ ዓ.ም. ብዬ ለይቼዋለሁ።

## መነሻው

በሴፕቴምበር 2021 መጀመሪያ አንድ የኩባንያው አክሲዮን 382 ዶላር ደርሶ ነበር። የኩባንያው ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ይውል ስለነበር የኢንተርኔት ማስታወቂያ ደርቷል። የ2021 ሒሳብ ሲዘጋ ገቢው 117.9 ቢሊዮን፣ የተጣራ ትርፉ 39.4 ቢሊዮን ዶላር ሆነ።

ከሥር ግን ሦስት ነገሮች እየተብላሉ ነበር።

የመጀመሪያው ከአፕል የመጣ ነው። በኤፕሪል 2021 አፕል የአይፎንን ሶፍትዌር ሲያድስ አዲስ ደንብ አወጣ። አንድ መተግበሪያ ተጠቃሚውን በሌሎች መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ላይ መከታተል ከፈለገ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ብዙ ሰው አልፈቀደም። የሜታ ማስታወቂያ ውድ የነበረው ማን ምን እንደሚገዛ ስለሚያውቅ ነው። ያ እውቀት ሳሳ።

ሁለተኛው ቲክቶክ ነው። ወጣቱ ወደዚያ ሲነጉድ ሜታ ሪልስ በሚባለው የራሱ አጭር ቪዲዮ ተከተለ። ሪልስ ግን በዚያን ጊዜ በአንድ ሰዓት የሚያስገባው የማስታወቂያ ገንዘብ ከተለመደው ገጽ ያነሰ ነበር። ሰው ሪልስ ባየ ቁጥር ኩባንያው በአጭር ጊዜ ገቢ ያጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከመሥራቹ የመጣ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 2021 የኩባንያውን ስም ከፌስቡክ ወደ ሜታ ቀየረ፤ የወደፊቱ ሥራችን ሜታቨርስ ነው አለ፤ ሰዎች በዲጂታል ምስላቸው የሚገናኙበት ምናባዊ ዓለም ማለቱ ነው። ይህን ሥራ የሚያካሂደው ሪያሊቲ ላብስ የተባለው ክፍል በዚያው ዓመት ብቻ 10.2 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ።

እዚህ ላይ የኩባንያውን አወቃቀር ማወቅ ያስፈልጋል። ሜታ ሁለት ዓይነት አክሲዮን አለው። አንደኛው 1 ድምፅ፣ ሌላኛው 10 ድምፅ ይሰጣል። ባለ 10 ድምፁ በአብዛኛው በመሥራቹ እጅ ስለሆነ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ የእሱ ነው። ትላልቅ ፈንዶች ተሰብስበው «ይህን አቁም» ቢሉትም ሊያስቆሙት አይችሉም። ለቀረው ባለአክሲዮን ያለው አቤቱታ መሸጥ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይህን ካልያዝን በደንብ አይገባንም።

## ችግሩ

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ወጣ። ገቢው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ20 በመቶ አድጓል። ትርፉ በ8 በመቶ ቀንሷል። እስከዚህ ድረስ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

የሚያስደነግጠው ሌላ ቦታ ነበር። ፌስቡክን በየቀኑ የሚጠቀመው ሰው ከ1.930 ቢሊዮን ወደ 1.929 ቢሊዮን ወርዷል። ከሁለት ሺህ ሰው አንድ ሰው እንደማለት ነው። ግን በኩባንያው ታሪክ እንዲህ ያለ ቅናሽ ታይቶ አያውቅም። በዚያው ምሽት የፋይናንስ ኃላፊው የአፕል ደንብ በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ሊያሳጣን ይችላል አለ። በማግስቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወደቀ። በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ የገበያ ዋጋ ጠፋ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ቀን ይህን ያህል አጥቶ አያውቅም።

በኤፕሪል መጨረሻ ተጠቃሚው 1.96 ቢሊዮን መድረሱ ሲነገር አክሲዮኑ በአንድ ቀን 17 በመቶ ዘለለ። ብዙም አልቆየም።

የገበያው አየር ራሱ ተበላሽቶ ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ከዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ ከማርች 2022 ጀምሮ በተከታታይ ጨመረ። ወለድ ሲጨምር ከዓመታት በኋላ ይገኛል የሚባል ትርፍ ዛሬ ያለው ዋጋ ይቀንሳል። በዚህ በጣም የሚጎዱት ደግሞ «ቆይ፣ ወደፊት» የሚሉ ኩባንያዎች ናቸው። ከሜታቨርስ በላይ «ቆይ» የሚል ነገር ደግሞ አልነበረም።

በኦገስት መሥራቹ የሜታቨርሱን መተግበሪያ በፈረንሳይና በስፔን ሲያስጀምር የራሱን ዲጂታል ምስል ለቀቀ። ከጀርባው የአይፍል ማማ ቆሟል። ምስሉ የድሮ የልጆች ጌም ይመስል ነበር። ኢንተርኔቱ በሳቅ ሞተ። ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን እንደ እኔ ግምት ይህ ምስል ከብዙ የሒሳብ ሰንጠረዥ በላይ ሠርቷል። «አስር ቢሊዮን ዶላሩ የወጣው ለዚህ ነው?» የሚለውን ጥያቄ አክሲዮን የሌለው ሰው እንኳ እንዲጠይቅ አድርጓል።

ኦክቶበር 24 ቀን 2022 አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ ለኩባንያው ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስት ጥያቄ ነበረው። የሠራተኛ ወጪ ቢያንስ በ20 በመቶ ይቀንስ። ለዳታ ማዕከልና ለመሳሰሉት ግንባታዎች የሚወጣው ገንዘብ ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር ይውረድ። ሜታቨርስ በዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አይውሰድ።

ከሁለት ቀን በኋላ ኩባንያው ሪፖርት ሲያወጣ የሄደው በተቃራኒው ነው። የሩብ ዓመቱ ትርፍ ከግማሽ በላይ ቀንሶ 4.4 ቢሊዮን ሆኗል። የ2023 ወጪ ግን ከ96 እስከ 101 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል፣ የሪያሊቲ ላብስ ኪሳራም በጣም ይጨምራል ተባለ። መሥራቹ ታግሶ የቆየ ኢንቨስተር ይካሳል የሚል መልእክት አስተላለፈ። በማግስቱ አክሲዮኑ ወደ 25 በመቶ ወድቆ 97.94 ዶላር ላይ ዘጋ። ኖቬምበር 3 ቀን 88.91 ዶላር ደረሰ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ የኦክቶበር ሪፖርት የፌስቡክ ዕለታዊ ተጠቃሚ 1.98 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። በፌብሩዋሪ ትንሽ ሲቀንስ ጉድ ያሰኘው ቁጥር በኦክቶበር ሲጨምር ዞር ብሎ ያየው የለም። ፍርሃቱ ከተጠቃሚ ወደ ወጪ ተዛውሯል።

## ዋጋውን ስንበትነው

የአክሲዮን ዋጋ ሁለት ነገር ሲባዛ የሚመጣ ነው። አንዱ አክሲዮኑ በዓመት የሚያስገኘው ትርፍ ነው። ሌላው ለዚያ ትርፍ እያንዳንዱ ዶላር ገበያው ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው ከሒሳብ መዝገብ ይመጣል። ሁለተኛው ከሰው ጭንቅላት።

የ2021 ትርፍ ለአንድ አክሲዮን 13.77 ዶላር ነበር። በ382 ዶላር ሲሸጥ ገበያው ለ1 ዶላር ትርፍ 28 ዶላር ገደማ ይከፍል ነበር ማለት ነው። የ2022 ትርፍ 8.59 ዶላር ሆነ። በ88.91 ዶላር ሲሸጥ ለ1 ዶላር ትርፍ የሚከፈለው 10 ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

ገበያው በቀድሞው 28 ዶላር ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የትርፉ መቀነስ ብቻውን አክሲዮኑን ወደ 238 ዶላር ያወርደው ነበር። ይህ 144 ዶላር ያህል ነው። ከ238 ወደ 89 ያወረደው 149 ዶላር ግን የመጣው የመክፈል ፈቃደኝነቱ በመቀነሱ ነው። በዚህ አቆጣጠር ከውድቀቱ ግማሽ ያህሉን ትርፉ፣ ግማሽ ያህሉን የሰው አስተያየት አመጣው።

ይህ ሁለተኛው ግማሽ ሁሉ ስሜት ነው ማለት አይደለም። ወለዱ አለበት። ትርፉ ገና ይቀንሳል የሚል ምክንያታዊ ግምትም አለበት። ለማጣራት የሚረዳን ከሌላው ገበያ ጋር ማወዳደር ነው። በ2022 ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያሉበት የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ፣ የናስዳክ፣ አጠቃላይ ጠቋሚ 33 በመቶ ሲወድቅ ሜታ 64 በመቶ ወደቀ። የወለዱ ጫና ሁሉንም ነክቷል፤ ከዚያ በላይ የወደቀው የሜታ የራሱ ነው። ይበልጥ የሚያሳምነው ደግሞ 2023 ነው። ወለዱ ወደ 5.25 እና 5.50 በመቶ መሃል እስኪደርስ መጨመሩን ቀጠለ። ሜታ ግን በዚያው ዓመት 194 በመቶ ወጣ። ወለዱ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ።

## የተወሰዱት እርምጃዎች

ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ኩባንያው 11,000 ሠራተኞችን አሰናበተ። ከጠቅላላው 13 በመቶ ነው። መሥራቹ ለሠራተኛው በጻፈው ደብዳቤ የኮሮናው ጊዜ ዕድገት የሚቀጥል መስሎት ከልክ በላይ መቅጠሩን አምኖ ኃላፊነቱን ወሰደ። የ2023 ወጪ ግምትም በትንሹ ዝቅ አለ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 ነው። መሥራቹ ዓመቱን «የቅልጥፍና ዓመት» ብሎ ሰየመው። የወጪው ግምት ከ89 እስከ 95 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። ለግንባታ የተያዘው ገንዘብ ተቀነሰ። ኩባንያው ለተጨማሪ 40 ቢሊዮን ዶላር የራሱን አክሲዮን መልሶ እንደሚገዛ አስታወቀ። በማግስቱ አክሲዮኑ 23 በመቶ ወጣ።

በዚያ ቀን የተነገረው የሩብ ዓመት ትርፍ ግን ከዓመት በፊት ከነበረው በ55 በመቶ ያነሰ ነው። ገቢውም 4 በመቶ ቀንሷል። ከአንድ ዓመት በፊት ገቢ 20 በመቶ አድጎ አክሲዮኑ 26 በመቶ የወደቀው ይኸው ኩባንያ ነው። ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማየት ብዙ ያስተምራል።

በማርች ሌላ 10,000 ሠራተኛ እንደሚቀነስ ተነገረ። ገና ያልተቀጠረባቸው 5,000 ቦታዎችም ተዘጉ። በጎን በኩል የማስታወቂያው ማሽን ተጠገነ። አፕል የከለከለውን መረጃ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ግምት የሚተካ ሥርዓት ተዘረጋ። ሪልስም ገንዘብ ማምጣት ጀመረ። በየሩብ ዓመቱ የገቢው ዕድገት 3፣ 11፣ 23፣ በመጨረሻም 25 በመቶ ሆነ። የ2023 ትርፍ 39.1 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የ2021ን ሊያክል ጥቂት ቀረው።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ኩባንያው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የትርፍ ድርሻ እንደሚከፍል አስታወቀ፤ ለአንድ አክሲዮን 50 ሳንቲም። በማግስቱ አክሲዮኑ 20 በመቶ ወጣ። በአንድ ቀን 197 ቢሊዮን ዶላር ተጨመረ።

## የሠራው እና ያልሠራው

የፈንዱን ሦስት ጥያቄዎች መልሰን እንያቸው። የሠራተኛው ቁጥር ከ87,314 ወደ 67,317 ወረደ፤ ከተጠየቀውም በላይ። የግንባታው ወጪ 28 ቢሊዮን ገደማ ሆነ፤ የተጠየቀውን ባይሞላም የተቀራረበ ነው። ሜታቨርስስ? በ2022 13.7 ቢሊዮን ዶላር ከስሮ ነበር። በ2023 ኪሳራው 16.1 ቢሊዮን ሆነ። ኢንቨስተሩን ያስቆጣው ወጪ ጭራሽ ጨመረ። አክሲዮኑ ግን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

ከጉዳዩ ሁሉ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው። ገበያው የፈራው ሜታቨርስን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ባላደረገ ነበር። የፈራው ማንም ሊያስቆመው የማይችል ሰው ገንዘቡን ያለ ገደብ ያወጣዋል የሚለውን ነው። ሰውየው በሌላ በኩል ሲቆጥብ፣ ሲሰማ፣ አክሲዮን መልሶ በመግዛት ለባለአክሲዮኑ ገንዘብ ሲመልስ ፍርሃቱ ረገበ። «ታገሱኝ» የሚለው ንግግር በኦክቶበር ምንም አልሠራም። ቁጥር ይዞ ሲመጣ ሠራ።

ሁሉም ግን የአመራሩ ጥበብ አይደለም። በ2023 የቻይና ሻጮች ለውጭ ደንበኛ ዕቃ ለመሸጥ በሜታ ላይ ማስታወቂያ አጎረፉ። ከዓመቱ ገቢ 10 በመቶ ከእነሱ መጣ። ይህ ባይኖር ኖሮ ዕድገቱ ቀዝቀዝ ያለ ይሆን ነበር። የቅልጥፍናው ታሪክም ያን ያህል አያምርም።

በደንብ ያልሠራው የራሱን አክሲዮን መልሶ የመግዛቱ ጉዳይ ነው። ኩባንያው በ2021፣ አክሲዮኑ እሳት በነበረበት ዓመት፣ ከ44 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ። በ2022 ወደ 28 ቢሊዮን፣ በ2023 ወደ 20 ቢሊዮን ወረደ። ሲወደድ ብዙ፣ ሲረክስ ትንሽ። ስለ ኩባንያው ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ኩባንያው ነው፤ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ሲደምቅ ገዝቶ ሲጨልም እጁን ሰበሰበ።

ሌላው ዋጋ የከፈለው ሠራተኛው ነው። በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የደሞዙ አንድ ክፍል በአክሲዮን ይከፈላል። በሲያትልም በካሊፎርኒያም እንዲህ የሚከፈላቸው የእኛ ልጆች አሉ። አክሲዮኑ 330 ዶላር ሲሆን የተቀጠረ ሰው ሥራውን ሳያጓድል በአንድ ዓመት ውስጥ የገቢው ትልቅ ክፍል ሲቀልጥ አየ። ከዚያ የስንብቱ ኢሜይል መጣ።

## ለሌላ ጉዳይ የሚተርፈው

ይህን ታሪክ ሰምቶ «የወደቀ ግዛ፣ ይነሳል» የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ይኖራል። አይሠራም። የቤት ውስጥ ብስክሌት የሚሸጠው ፔሎቶን በ2021 መጀመሪያ ከ150 ዶላር በላይ ነበር፤ ከ10 ዶላር በታች ወረደ፤ ወደዚያ ከፍታም አልተመለሰም። ልዩነቱ ሜታ በክፉ ዓመቱም 23.2 ቢሊዮን ዶላር ማትረፉ ነው። ፔሎቶን ግን ይከስር ነበር። ስሜት ከመሬት በታች የሚጥለው ኩባንያ ሊነሳ የሚችለው ሲነሳ የሚቆምበት ትርፍ ካለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ትርፉ ነው፣ ከዚያ ገበያው ለዚያ ትርፍ የሚከፍለው፣ ከዚያ ደግሞ የሌላው ገበያ ሁኔታ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሰው ይሳሳታል።

አወጣጡንም በዚያው ሚዛን ብንለካው ያው ነው። በ2023 መጨረሻ ዋጋው 354 ዶላር፣ የዓመቱ ትርፍ 14.87 ዶላር ነበር። ትርፉ ብቻ ቢያድግና ገበያው በ10 ዶላሩ ቢጸና ኖሮ አክሲዮኑ 154 ዶላር ገደማ ላይ ይቆም ነበር። የቀረው 200 ዶላር የተመለሰ እምነት ነው። ስለዚህ በወጣ አክሲዮን የሚኮራ አመራርም ምን ያህሉ ሥራው፣ ምን ያህሉ የሰው ስሜት እንደሆነ መለየት አለበት። ሲወድቅ «ገበያው አልገባውም»፣ ሲወጣ «ሥራችን ነው» ማለት አያስኬድም።

እንዲህ ያለ ስሌት የሚሠራው ግን መረጃ ሲኖር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮምም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። በተቆረጠ ዋጋ ሲሸጥ ስሜት አይታይም፤ ሻጩ የተመነው ነው። አክሲዮን በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ መለወጥ ሲጀምር ነው የሚታየው። ያን ጊዜ ገዢውን የሚጠቅመው በየሩብ ዓመቱ በሰዓቱ የሚወጣ፣ ካለፈው ጋር የሚወዳደር ሪፖርት ነው። እሱ ከሌለ ወሬ ይገዛል።

ሜታ ራሱም ከዚህ አልወጣም። ኤፕሪል 24 ቀን 2024 የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። ገቢው 27 በመቶ አድጓል፤ ትርፉ ከእጥፍ በላይ ሆኖ 12.4 ቢሊዮን ደርሷል። በዚያው ሪፖርት ግን ኩባንያው የዓመቱን የግንባታ ወጪ ግምት ከ35 እስከ 40 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው። ምክንያቱ በዚህ ጊዜ ሜታቨርስ ሳይሆን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። መሥራቹም ገንዘቡ ፍሬ እስኪያፈራ ጊዜ እንደሚወስድ ተናገረ። በማግስቱ አክሲዮኑ ከ10 በመቶ በላይ ወደቀ።